የግራ እግር ነጠላ ጫማ

የበረንዳው በር ቀጭ ብሎ ሲዘጋ፣ ልብስ ልታሰጣ የወጣችው እናት እርጥብ አንሶላ በእጇ እንደያዘች ክው ብላ ቀረች። ዞር ስትል በበሩ መስተዋት ውስጥ ድንቡሼን አየቻት። ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጇ፣ እናቷ በሩ እንዳይዘጋ የወተፈችውን የግራ ነጠላ ጫማ ከውስጥ ጎትታ አውጥታ፣ ትንሿን እግሯን ከታበት ኮራ ብላ ቆማለች።

የበረንዳው በር ከውጭ እጀታ የለውም። የነቀለው ባለቤቷ ነው። አምና ልጅቷ ከወንበር ወድቃ ግንባሯ ከተሰነጠቀ ወዲህ፣ የብየዳ ባለሙያው አባት እንቅልፍ አጣ። በረንዳውን ከወለል እስከ ጣሪያ በብረት ፍርግርግ አጠረው። የበሩን መስተዋት እስከ ጉልበት ድረስ በላሜራ ቀይሮ ከዚያ በላይ ባለው ላይ የብረት ዘንግ ደረደረበት፤ የውስጡን እጀታ የልጅ እጅ ወደማይደርስበት ሰቀለው፤ በሩም ሲገፋ ራሱን እንዲቆልፍ አደረገ።

«ከውጭስ?» ብላው ነበር።

«ውጭ ማን ይቀራል ብለሽ ነው?» አላት።

ልጅቷ የወደቀችው እናት እየጠበቀቻት ሳለ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ብረቱ ትንፍሽ ብላ አታውቅም።

አሁን ያስፈራት ግን የራሷ መታሰር አልነበረም። የወጥ ቤቱ ሲሊንደር ጋዝ ስላለቀበት፣ ትንሿን የላምባ ምድጃ መተላለፊያው ውስጥ ዝቅተኛው አግዳሚ ላይ አስቀምጣ ውሃ ጥዳለች። ለዛሬ ብቻ ብላ። የድስቱ ጆሮ ከዚህ ሆና ይታያታል፤ እንፋሎቱም እንደዚያው።

መስተዋቱን ትስበረው? ስብርባሪው ከሥሩ የቆመችው ልጅ ላይ ይዘንባል፤ ቢሰበርም በዘንጎቹ መሃል ክንድ አያሾልክም። ልጅቷ ከበሩ ከራቀች ደግሞ የምትሄደው ወደ ምድጃው ነው። ስለዚህ እዚያው በሩ ሥር ልታቆያት መሳቅ ነበረባት። ፊቷን በአንሶላው ሸፈነች።

«እማዬ የለችም... አለች!»

ድንቡሼ በሳቅ ፈነዳች። እናት በዚያው ሳቅ መሃል ቁልቁል ተጣራች። ከታች ምድር ቤቱ ውስጥ የሚሠራው ሽማግሌው ልብስ ሰፊ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ብቅ አለ።

«ምነው ልጄ?»

«ጋሼ፣ በሩ ተዘጋብኝ! ሕፃኗ ውስጥ ናት፣ ውሃ ጥጃለሁ! የፊቱንም በር ከውስጥ ቀርቅሬዋለሁ። አባቷን ከብየዳ ቤቱ ይጥሩልኝ፣ የብረት መቁረጫውን ይዞ በዚህ በኩል ይምጣ!»

ሽማግሌው ሁለት እርምጃ እንደሄደ አንድ ነገር ትዝ አላት። ባሏ ማታ ሲመጣ የፊቱን በር በቁልፉ ይቆረቁራል፤ ልጅቷ ይህን ስትሰማ የያዘችውን ጥላ በመተላለፊያው ትበራለች።

«ጋሼ! በሩን እንዳያንኳኳ ይንገሩት! በሞቴ፣ እንዳያንኳኳ!»

የአንሶላው ጨዋታ ብዙም አልቆየም። ድንቡሼ ሰለቻትና ትልቁን ጫማ እየጎተተች ወደ መተላለፊያው ዞረች። እናት የልብስ መቆንጠጫ አፍንጫዋ ላይ ሰካች። ሌላም ጆሮዋ ላይ፣ ሌላም ከንፈሯ ላይ። ላሜራውን በባዶ ግራ እግሯ መታችው። ልጅቷ ዞር ብላ አየቻትና በጥርሶቿ ሁሉ እየሳቀች ተመለሰች። እናት እንባዋ በመቆንጠጫዎቹ መሃል ይወርዳል፤ አልጠረገችውም፤ ብትጠርግ ልጅቷ ማልቀሷን ታውቅባታለች።

መሰላል የበረንዳውን ብረት ሲነካ ሰማች። የባሏ ፊት በፍርግርጉ ማዶ ብቅ አለ፤ ላብ አጥምቆታል። የመቁረጫው የኤሌክትሪክ ገመድ እስከ ልብስ ሰፊው ሱቅ ተዘርግቷል።

«ውሃው?»

«ይንተከተካል።»

የበሩ እጀታ የነበረበትን ቦታ አየ። ቀዳዳውን ራሱ ነበር በይዶ የደፈነው። «እኔ...» አለ።

«ኋላ ትለኛለህ። ቁረጥ።»

እጁ ማብሪያው ላይ ቀረ። «ድምፁ ካስደነገጣትስ? ብትሮጥስ?»

ይህን እሷም አስባዋለች። ተንበርክካ ግንባሯን መስተዋቱ ላይ ለጠፈች። «ቁረጥ አልኩህ።»

መቁረጫው ጮኸ። ድንቡሼ ጆሮዋን ይዛ ፊቷን አጨማደደች፤ ዞረችና ወደ መተላለፊያው ሮጠች። በሁለተኛው እርምጃ ጫማው ከእግሯ አመለጠ። ቆመች። ጫማውን አየችው፤ ከዚያ ከመስተዋቱ ማዶ ያለችውን እናቷን አየች።

የፍርግርጉ የመጀመሪያ ዘንግ ተቆርጦ ወደ ታች ወደቀ።

ልጅቷ ጫማውን በሁለት እጇ አንሥታ ወደ በሩ ተመለሰች። እግሯ ውስጥ አልከተተችውም። ጎንበስ ብላ፣ መጀመሪያ ከነበረበት ከተዘጋው በር ሥር ልትወትፈው ትገፋ ጀመር።