የዘመመው ኮከብ

ፎቶ አንሺው መጋረጃውን ጥርቅም አድርጎ ዘጋና የክፍሉን መብራት አጠፋ። ብርሃን ሲያርፍበት ኮከብ የሚወጣበት ድንጋይ ፎቶ ሲነሳ የሚበራው አንድ ትንሽ መብራት ብቻ ነው። ሁለት ከበራ ድንጋዩ ላይ ሁለት ኮከብ ይወጣል፤ የደመና ቀን ብርሃን በመስኮት ከገባ ደግሞ ጭራሽ ድራሹ ይጠፋል።

የወንድሙ ሚስት ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። ባሏ፣ የፎቶ አንሺው ታላቅ ወንድም፣ ድንጋይ ቆራጭ ነበር። ይህ ሰማያዊ ሰንፔር ከማሽኑ ላይ ያነሳው የመጨረሻው ነው። እሱን ጨርሶ አልጋ ያዘ፤ ከአልጋውም አልተነሳ።

ድንጋዩን ያዘዘው ወርቅ ሠሪ ሌላ ከተማ ነው የሚኖረው። ደውሎ እግዜር ያጥናችሁ ካለ በኋላ፣ «ፎቶውን ላኩልኝ» ብሎ ነበር። «ኮከቡ መሐል ላይ ከሆነ እንዳለ እወስደዋለሁ። ካልሆነም ችግር የለም፤ እዚህ ያለው ቆራጭ እንደገና ይሞርደዋል።»

ሴትዮዋን እንቅልፍ የነሳት ይኼ «ችግር የለም» ያለው ነገር ነው። «የሱ እጅ ያረፈበትን ሌላ ሰው ሊፍቀው? እኔ በቁሜ?» ስትል ሰነበተች።

ፎቶ አንሺው ድንጋዩን ጥቁር ጨርቅ ላይ በጠፍጣፋ መቀመጫው አስቀመጠ። መብራቷን ከካሜራው ዓይን ጎን፣ ልክ ከላይ አደረጋት። መጀመሪያ በካሜራው ያጠራው የድንጋዩን ፊት ነበር፤ አቧራው አንድም ሳይቀር ታየ፣ ኮከቡ ግን ጉም መሰለ። ኮከቡ ፊቱ ላይ አይደለም የሚቀመጠው፤ ትንሽ ከፍ ብሎ የሚንሳፈፍ ይመስላል። ካሜራውን በቀስታ ከፍ ሲያደርገው ስድስቱ ጨረሮች ጥርት አሉ።

ክው አለ። ኮከቡ መሐል የለም፤ ወደ ጠርዙ ሸሽቷል።

ወንድሙን የሥራ ባልደረቦቹ በስሙ አይጠሩትም ነበር። «ውሃ ልክ» ነበር የሚሉት። ድንጋዩን ውሃ እያስነካ፣ መብራት ሥር እያገላበጠ፣ ኮከቡ የሚቆምበትን አናት ሳያገኝ ማሽን የማያስነሳ ሰው ነበር። እጁ ከድቶት ኖሯል ማለት ነው። ወይ ዓይኑ። ለማንም ትንፍሽ አላለም።

«እንዴት ነው?» አለች ሴትዮዋ።

«ዘመም ብሏል፣ እትዬ።»

«ምኑ?»

«ኮከቡ። ድንጋዩ ከሥሩ ሲቆረጥ ነው የዘመመው።»

ተነስታ መጥታ በካሜራው አየች። «ታዲያ ከሥሩ ሰም አስገብተህ አታቃናውም? ሌሎቹ ፎቶ አንሺዎች እንደዚያ ያደርጋሉ ይል የለ እንዴ ወንድምህ?» አለች።

«ሰም ለሚያስገባ ፎቶ አንሺ ድንጋዬን አልሰጥም የሚለውስ ማን ነበር?»

«እሱ ስንቱን ይላል! ውሃ ልክ! ቤቴ ያለው ጠረጴዛ ስንት ዘመኑ ነው ከእግሩ ሥር ወረቀት አጣጥፎ ያቆመው? እሱን እኔ ነኝ የማውቀው። አንተስ ብትሆን፣ ለመታወቂያ ስታነሳኝ የግንባሬን ጠባሳ ያጠፋህልኝ አንተ አይደለህ?»

ሳያስበው ሳቀ። እሷም ልትስቅ ጀምራ መሐል ላይ ተወችው። ፊቷን ሲያይ አንጀቱን በላችው። የሩዝ ፍሬ የምታህል ሰም አድቦልቡሎ ከድንጋዩ ሥር ወሸቀ። ኮከቡ ተንሸራቶ መጥቶ መሐል ላይ ቆመ። ፎቶ አነሳው።

ስታየው እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ይኸው! እሱ ማለት ይኼ ነው። በል ላክለት።»

ፎቶ አንሺው ግን ሌላ ነገር ታየው፤ ወርቅ ሠሪው አንዴ ፎቶውን አንዴ መዳፉ ላይ ያለውን ድንጋይ ሲያይ።

«እትዬ፣ ይኼን መላክ አልችልም።»

«አንተ ልጅ፣ ተው!»

«ድንጋዩ እጁ ሲገባ ተታለልኩ ማለቱ አይቀርም። አታለለኝ የሚለው ደግሞ እኔን አይደለም፤ እሱን ነው። ተነስቶ ላይመልስለት።»

ሰሙን አወጣ፣ ድንጋዩን በመቀመጫው መልሶ ኮከቡን እንደዘመመ አነሳ። ልቡ ሳይሸሽ ላከውና ደወለ። እሷም እንድትሰማ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

ወርቅ ሠሪው ፎቶውን እንዳየ ጠየቀ። «እጁን ያመው ነበር እንዴ?»

«እንጃ። አልነገረንም።»

«የሱ ሥራ ነው ብሎ ማመን ያቅታል። እንግዲህ ላኩት፣ አይቼው እወስናለሁ። መሞረዱ ግን የሚቀር አይመስለኝም።»

ስልኩ ሲዘጋ ሴትዮዋ ሄዳ መጋረጃውን ገለጠችው። ኮከቡ ጠፋ፤ ድንጋዩ ጨርቁ ላይ ደብዛዛ ሰማያዊ ነገር ሆኖ ቀረ። አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«በፖስታ አይሄድም» አለች። «እኔው ነኝ የማደርሰው። ሲያየው ፊት ለፊቱ እቀመጣለሁ። እሞርደዋለሁ ካለም ዓይን ዓይኔን እያየ ይበለኝ።»

«አብሬሽ ልምጣ?»

«አንተ የድርሻህን አድርገሃል።»

ምስጋና ይሁን ወቀሳ ከድምፅዋ መለየት አልቻለም። መስኮቱ ጋ ሄዶ ቁልቁል አያት። መንገዱን ስትሻገር ግራ ቀኝ አላየችም፤ መኪናዎቹ ናቸው የቆሙላት።