ፊርሚን ስም የገዛ ጊዜ

ባለቤቴ ፊርሚን ያንን የጣሊያን ብስክሌት ሲገዛ አብሬው ነበርኩ። ሱቁ ውስጥ የቀረው አንድ ብቻ ነበር፤ የተሠራውም ለረጅም ሰው ነው። ፊርሚን ቁመቱ ከእኔ እኩል ነው።

"ይተልቅሃል" አልኩት።

"ሊቭ፣ ስሙን አላየሽም እንዴ?"

የፋብሪካውን ስም ከልጅነቱ ጀምሮ መኝታ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጥፎ ነው ያደገው። ገዝቶት ወጣን።

ኮርቻውን እስከ መጨረሻው አወረደው፤ መሪው ግን እንደራቀው ቀረ። እሁድ እሁድ ከብስክሌት ማኅበራችን ጋር ስንወጣ ክብደቱን ሁሉ መዳፉ ላይ ጥሎ፣ ተዘርግቶ ነበር የሚነዳው። መንገዳችን ደግሞ የቤልጂየሟ ፍላንደርስ ኮብልስቶን ነው፤ አጥንት ያራግፋል።

"ፊርሚን፣ ልትዋኝ ነው እንዴ?" ይለዋል ኦዲል፣ የማኅበራችን ቀልደኛ።

በሚያዝያ አንድ እሁድ፣ ነድተን ካፌ እንደተቀመጥን፣ የቢራ ብርጭቆው ከእጁ አምልጦ ወደቀ። "ገና በመጀመሪያው?" አለ ኦዲል፤ ሁሉም ሳቀ። ፊርሚን ግን ጣቶቹን እያየ ነበር። ፊቱ ዐመድ መሰለ።

በማግስቱ ብስክሌቱን ጋራዥ ውስጥ ሰቀለው። "በቃኝ፣ አርጅቻለሁ" አለ። ስነዘንዘው ነው እውነቱን ያወጣው።

"የአባቴን እጅ ታስታውሺያለሽ? እንደ እኔው መጀመሪያ ደነዘዘው። ኋላ ማንኪያ መያዝ አቃተው።"

"ታዲያ ሐኪም ዘንድ እንሂድ!"

"ሄጄ ምን እንዲለኝ?"

ተናደድኩበት፤ ከንዴቴ ይልቅ ግን ፍርሃቴ ይበልጥ ነበር። ምግብ አልበላ አለኝ። እሁድ ሲደርስ ማዶ ለማዶ ተቀምጠን ዝናብ እናያለን።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ከባሕሩ ዳርቻ ሽሪምፕ ገዝቼ መጣሁ፤ ያቺን የጣት ጫፍ የምታክለውን፣ ባለ ቅርፊቷን ግራጫ የባሕር እንስሳ። ፊርሚን ጋዜጣ ዘርግቶ መላጥ ጀመረ። እኔ አንዷን ሳልጨርስ እሱ አራት! የያዝኳትን አስቀመጥኩ።

"አንተ! ይሄ እጅ ነው የታመመው?"

እሱም ጣቶቹን አያቸው።

"ጥፋቱ የዚያ የሰቀልከው ብስክሌት ነው፤ ከተውከው ወዲህ እጅህ ድኗል" አልኩት።

"እሱ እንኳ እንከን የለበትም።"

"እንከን የለበትም፤ ያንተ ልክ አይደለም እንጂ! እሁድ የእኔን ትነዳለህ።"

የእኔን ብስክሌት የሠራው የጎረቤት መንደር ሽማግሌ ነው፤ ክንዴንና እግሬን ለክቶ። ስም የለውም፤ ቀለሙም ሐምራዊ ነው።

"ኦዲል ምን ይለኛል?"

"እሱ የፈለገውን ይበል። እጅህ ከደነዘዘ ሰኞ ሐኪም ዘንድ ነን።"

እሁድ ዳገቱ አናት ላይ ያለው ካፌ በመኪና ቀድሜ ደርሼ ጠበቅኳቸው። ፊርሚን ጀርባውን ዘና አድርጎ፣ ክንዱን ዕጥፍ አድርጎ ብቅ አለ። ኦዲል ከኋላው እያለከለከ፣ "ቀሚሱንስ የት ረሳኸው?" ይላል።

አጠገቤ ተቀመጠ። ቢራው መጣ፤ አልነካውም። ጠረጴዛው ሥር እጄን ያዘና ጣቶቼን አንድ በአንድ ዳሰሰ። የጋብቻ ቀለበቴ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ በአውራ ጣቱ አዞረው።

"ሊቭ፣ ቀለበትሽ ሰፍቶሻል።"

"ተሰማህ?"

"ተሰማኝ" አለና ዐይኑ እንባ ሞላ። "መቼ ነው እንዲህ የከሳሽው?"