መርዘኛዋ በአብላጫ ድምፅ

በምንሠራበት የነፍሳት ክፍል መንታ የሚመስሉ ሁለት ዓይነት ቢራቢሮዎች እናረባለን። አንደኛዋ መርዘኛ ናት፤ ወፍ ከቀመሰቻት ወዲያው ትተፋታለች። ሌላዋ የመርዘኛዋን መልክ ይዛ ተከብራ የምትኖር አስመሳይ ናት። መለያቸው ቀላል ነው፤ መርዘኛዋ የኋላ ክንፏ ላይ ሦስት አራት ጥቁር ነጥብ አላት፣ አስመሳይዋ ግን አንድ ብቻ። ለዚህ ዓይንና ትንሽ ትዕግሥት ይበቃል።

አለቃችን በሁለቱም አልታደሉም። የባለ አንድ ነጥቧ ሳጥን ላይ «መርዘኛ» ብለው ለጠፉ።

«ጋሼ፣ ኧረ ነጥቡን ይቁጠሩ» አልኳቸው።

«ምን አጨቃጨቀን? ድምፅ እንስጥበት» አሉ።

አምስት እጅ ወጣ። ጸሐፊዋማ ሳጥኑን ዞር ብላ እንኳ ሳታይ ነው እጇን ያወጣችው። የተቃወምኩት እኔ ብቻ ነኝ። ቃለ ጉባኤ ያዡም እኔው ስለሆንኩ፣ አርሬ፣ «አምስት ለአንድ» ብዬ ጻፍኩ።

አለቃችን ደስ ብሏቸው ሳጥኑን ከፈት ሲያደርጉ ቢራቢሮዋ በመስኮት ሾልካ ግቢው ውስጥ አረፈች። የጥበቃው ዶሮ ሮጣ ለቀም አደረገቻት። ሁላችንም መስኮቱ ላይ ተደርድረን ጠበቅን። ዶሮዋ አልተፋችም። ምንቃሯን መሬት ላይ ጠራርጋ፣ ሌላ ካለ ብላ ወደ እኛ ቀና አለች።

አለቃችን ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አምስት ለሁለት ብለህ አስተካክለው» አሉኝ። «ያው በአብላጫ ድምፅ አልፏል።»