ወራጅ አለ

ወንድሜ ገዛኸኝ በጫጫና በደብረ ብርሃን መሃል ሚኒባስ ሲነዳ ያረጀ ሹፌር ነው። ራሱ ከጣውላ በሠራት ጀልባ ላይ አሮጌ የቤንዚን ሞተር አስሮ፣ «ና እንሞክራት» ብሎ ግድቡ ውስጥ ይዞኝ ገባ። አይነሳም ብዬ እኮ ነው የተሳፈርኩት! ገመዱን ሲስበው ሞተሩ አጓርቶ ተነሳ፤ ጀልባዋም አፍንጫዋን ሰቅላ ተፈተለከች። እኔ ዋና አልችልም። «አቁም!» ብዬ ጮህኩ፤ ጭራሽ ፉጨት ጀመረ። ነፍሴ ልትወጣ ስትል፣ «ወራጅ አለ!» የሚል ቃል ከአፌ አመለጠኝ።

ገዛኸኝ ወዲያው ሞተሩን አጠፋ። ጀልባዋ ውሃው መሃል ቀጥ አለች።

«ቶሎ በል፣ ትራፊክ እንዳያየን!» አለኝ እንደ ልማዱ ቆጣ ብሎ።

እኔም «እሺ» ብዬ ተነሳሁ። ጉልበቴ ድረስ ሲቀዘቅዘኝ ደንግጬ ወደ ታች አየሁ፤ ግራ እግሬ ወርዷል።