ክር የገባባቸው መርፌዎች

እህል ውሃቸው ያለቀው ያለ ጩኸት ነው። ሰሃን አልተወረወረም፣ ሽማግሌ አልተንገላታም። ልብስ ሰፊዋና ባሏ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ሱቅ ሠሩ፤ እሱ በስፌት መኪና፣ እሷ በእጅ። የከፋቸውን ሁሉ ሆድ ይፍጀው እያሉ ኖሩ። ሆድ ደግሞ ስንቱን ይፍጅ? ደከማቸውና ተለያዩ።

ዕቃዋን ልትወስድ የመጣች ቀን ታላቅ እህቷ እጅጌዋን ሰብስባ ተከተለቻት።

«መቀሱን እንኳ እንዳትተዪለት!»

«ኧረ ዝም በይ እቴ!»

ሰፊዋን ያስጨነቃት መቀስ አልነበረም። ነገ አዲሱን ሱቋን ትከፍታለች፤ መርፌ ላይ ክር ማስገባት ካቃታት ግን ቆይቷል። ዓይኗ ቅርቡን አያይላትም። ዓይኗ ለደከመ ሰፊ ማን ልብሱን ይሰጣል ብላ ለማንም አልተነፈሰችም። ባሏም ያወቀባት አይመስላትም ነበር። ጠዋት ጠዋት ቀድሟት ገብቶ፣ ክር ያስገባባቸውን መርፌዎች በመሰኪያዋ ላይ ደርድሮ ይጠብቃት ነበር። ሥራ ስለሚወድ ነው ብላ ተቀበለችው እንጂ አንድ ቀን አመሰግናለሁ አላለችውም።

ሊሰነባበቱ ሲሉ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ሰጣት።

«ያንቺ ነው» አለ፣ ቀና ብሎ ሳያያት።

እህቷ ነጥቃ ታክሲው ውስጥ ወረወረችው። ደህና ሁን፣ ደህና ሁኚ ተባባሉ። በቃ።

በማግስቱ የመጀመሪያዋ ደንበኛ ጫፉ የተተረተረ ግራጫ ካፖርት ይዛ መጣች።

«እዚሁ ቁጭ ብዬ ልጠብቅሽ» አለች። ምን ቆርጧት ትሄዳለች!

ሰፊዋ ክሩን በምራቋ አሹላ ሞከረች። አንዴ፣ ሁለቴ፣ አምስቴ። ክሩ በጎን ያልፋል። ደንበኛዋ አንገቷን አስግጋ ማየት ስትጀምር ቆሌዋ ተገፈፈ። ሌላ መርፌ የምትፈልግ መስላ ያንን ቆርቆሮ ከፈተችው።

በጨርቅ ላይ የተሰኩ መርፌዎች ሞልተውታል። ጥቁር፣ ነጭ፣ ቡናማ፣ ግራጫም ጭምር፤ ሁሉም ክር ገብቶባቸው፣ ጫፋቸው ተቋጥሮ።

«ወይ አንተ ሰው!» ብላ ጮኸች። ደንበኛዋ ደነገጠች።

ካፖርቱን ሰፍታ እንዳስረከበች ስልክ ደወለችለት።

«ታውቅ ነበር ማለት ነው?»

«ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«መደበቅ ፈለግሽ፤ ደበቅኩልሽ። ደሞስ በምን አፌ እነግርሻለሁ? እኔም የማስገባው በመነጽር ነው። ቀድሜሽ የምገባው ለምን መሰለሽ? ኮቴሽን ስሰማ መሳቢያ ውስጥ እከተዋለሁ።»

ሳቋ አመለጣት። እሱም ሳቀ። ጉድ እኮ ነው፣ ሁለት ዓይነ ደካሞች ይህን ሁሉ ዓመት ሲደባበቁ! ሳቁ ሲበርድ እንባዋ መጣ። ትዳራቸውን ምን እንደበላው ያኔ ቁልጭ ብሎ ታያት። ተመለስ ልትለው አልፈለገችም፤ እሱም አልጠበቀም። አንድ ነገር ግን ሆዷ ውስጥ ልታስቀር አልቻለችም።

«አመሰግናለሁ» አለችው። «ለዚያ ሁሉ ጠዋት። አጠገቤ ሳለህ ነበር ልልህ የሚገባኝ።»

«አሁንም ደርሶኛል» አለ። «መርፌዎቹ ሲያልቁስ?»

«ነገ መነጽር አሠራለሁ። ደንበኛ ፊት ነው የማደርገው፣ የፈለገ ይሳቅ።»

«እንግዲያው» አለ፣ «እኔም የኔን ከመሳቢያ አወጣዋለሁ።»