ውኃው ድንበር ይሁን ያልሁት እኔ ነኝ

ጥፋቱ የኔ ነው፤ ማንም እስኪነግረኝ አልጠብቅም። ከጣራ ገዳም ግርጌ ያለውን የአያታችንን መሬት ከአጎቴ ልጅ ከአንለይ ጋር በሃምሳ ሁለት ዓ.ም. ስንካፈል፣ ሽማግሌው አያ ያየህ «ድንጋይ ትከሉ» አሉን። እኔ ብልጡ «ድንጋይማ ሰው ይነቅለዋል፤ ድንበራችን ውኃው ይሁን» አልሁ። በመካከላችን የሚወርደው ፈሰስ ያን ጊዜ ወደ አንለይ በኩል ታጥፎ ስለነበር በመታጠፊያው ውስጥ ያለው መሬት ለኔ ደረሰኝ። ውኃውን በእጃችን ላንመልስ ሁለታችንም ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ማልን።

ውኃ ግን ዝምድና አያውቅም። መጀመሪያ አፈሩን ከላይ ከላዩ እየላሰ ወሰደው፤ ጥቁሩ መሬቴ ሲቀላ እያየሁ ዝም አልሁ። በሚቀጥለው ክረምት እንደ ጣት የቀጠኑ ቦዮች አወጣ፤ አርሼ ደፈንኋቸውና ረሳሁ። ከዚያ ቦረቦር ሆነ፤ ፈሰሱም መታጠፊያውን ትቶ በመሬቴ መካከል በዚያው ይወርድ ጀመር። ዘንድሮ በሬዬ ገብቶበት በገመድ ተስቦ ነው የወጣው። የሚናደው ደግሞ የኔ ዳር ብቻ ነው። ገሚሱ አፈሬ ወርዶ የፎገራን ሜዳ ያወፍራል፤ ገሚሱ በአንለይ በኩል ይተኛና እሱ ድንበሩን ተከትሎ ጤፍ ይዘራበታል። ሁለት ጥማድ የነበረው መሬቴ ግማሽ ጥማድ ቀረ። ሌላ መሬት የለኝም። ያበግናል።

አያ ያየህ ዘንድ ሄጄ «መሐላውን ያስፈቱልኝ» ብላቸው «አንለይ ከወደደ» አሉ። አንለይን ብለምነው «እኔ መቼ ነካሁት? ድንበሩ ነው የሄደ» ብሎ ፈገግ አለ።

በሳምንቱ ከተራራው ትልቅ ጎርፍ ወረደ። ዳሩ እየተገመሰ ሲወድቅ ዶማዬን ይዤ ቆምሁ። ጥቂት ብቆፍር ውኃው ወደ ድሮው ቦታ ይመለስ ነበር። ግን መሐላ ያፈረሰ ልጅ አያሳድግም ሲባል ነው ያደግሁት፤ እጄ እንቢ አለኝ።

ሚስቴ ገላነሽ ከኋላዬ መጥታ ዶማውን ቀማችኝ።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«የማልኸው አንተ ነህ» አለች። «እኔን ማን ጠርቶኝ ማልሁ?»

ቀሚሷን ሰብስባ ትቆፍር ጀመር። ውኃው ቀስ እያለ ሲታጠፍ አንለይ ከማዶ አየ።

«ምሽትህን ያዝ እንጂ» አለኝ።

«እሷ አልማለችም» አልሁት።

ትንሽ አሰበ። ከዚያ በጭቃው እየተንሸራተተ ወደ ቤቱ ሮጠ፤ ሚስቱን «ደብረወርቅ፣ ዶማ ይዘሽ ነይ» እያለ።