ዋጋ የምትጨምር ገዢ

ሰፈርተኛው «ግግሜ» የሚላት ያለ ነገር አይደለም። አሮጌ የሙዚቃ ዕቃ ገዝታ የምትሸጥ ሴት ናት፤ ዋጋ አንዴ ከአፏ ከወጣ ሰማይ ቢታረስ ንቅንቅ የለም። ትምህርቷ አራተኛ ክፍል ላይ ቀርቷል። የአምፕሊፋየርን ሆድ ዕቃ ግን አብጠርጥራ ታውቃለች፤ በተለይ የድሮዎቹን የጊታር አምፕሊፋየሮች፣ ከኋላቸው የመስተዋት አምፖል ተደርድሮ ሲሞቅ እንደ ፍም የሚቀላውን።

የእነዚህ ዋጋ በቁንጅና አይደለም። ከፋብሪካ ይዘውት ከወጡት ዕቃ ስንቱ አብሯቸው አለ ነው ነገሩ። ጨርቃቸው ቢቀደድ ምንም አይደል። ስፒከሩ ከተቀየረ ግን ዋጋው ይወርዳል፤ ኃይል የሚሰጠው ትራንስፎርመር ከተቀየረማ ግማሹ ገደል ገባ።

ሰኞ ዕለት አንድ ሽማግሌ ጊታር መቺ እንዲህ ያለውን አምፕሊፋየር በጋሪ አስገፍተው መጡ። ጆሯቸው ደክሟል። ዕቃውን ሸጠው ለሁለቱም ጆሯቸው የመስሚያ መሣሪያ ሊገዙበት ነው። ግግሜ የኋላውን ክዳን በካቻቢቴ ፈታች። ትራንስፎርመሩ የበር ቀለም በመሰለ ወፍራም ጥቁር ተለቅልቋል። ፋብሪካ እንዲህ አይቀባም።

«ይሄ ተቀይሯል፣ አባባ።»

«እ?»

«ተቀይሯል ነው የምልዎት።»

«ኧረ አልተቀየረም። ከገዛሁት ጀምሮ ያው ነው።»

ሻጭ ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው። አሥራ ሁለት ሺህ ብላ በወረቀት ጻፈችላቸው። ሽማግሌው ወረቀቱን ትክ ብለው አዩና፣ «እንግዲህ ለአንዱ ጆሮ ትሆናለች» ብለው ገንዘቡን ተቀብለው ሄዱ።

ዓርብ ጠዋት ግግሜ ዕቃውን ለገበያ ልታሰናዳ በቤንዚን የራሰ ጨርቅ ይዛ ተቀመጠች። ትራንስፎርመሩን ፈተግ ስታደርገው ጥቁሩ ቀለም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሣ። ከሥሩ የታተመ ቁጥር ብቅ አለ። ሳጥኑ ላይ ካለው ዓመት ጋር አንድ ነው። ሽቦዎቹን አየች፤ ብየዳቸው የደበዘዘ፣ የማንም እጅ ያልነካው የፋብሪካ ብየዳ ነው። ክው አለች።

ታላቅ እህቷ፣ የሱቁ ሸሪኳ፣ በትከሻዋ ላይ ጎንበስ ብላ አየችና ፊቷ በራ። «አርባ አምስት የሚሰጥ ሰው አለኝ። ልደውልለት።»

«ቆይ፣ እቴቴ። መጀመሪያ ሽማግሌው ጋ ልሂድ።»

«ምን ልትሆኚ? ሰውየው ወዶ ነው የሸጠው። ደግሞ አንቺ ከመቼ ወዲህ ነው ቃልሽን የምታጥፊው?»

«ቃሌን አላጠፍኩም። ዓይኔ ነው የዋሸኝ።»

«ዓይንሽ ያመጣልንን እንጀራ እግርሽ ይዞት ሊሄድ ነው።»

«ትርፍ ይተርፈናል። የሰው ጆሮ ግን አልበላም» አለችና አምፕሊፋየሩን አሸክማ ታክሲ ውስጥ አስገባች።

ጋሪ ገፊው ያመላከታት የሽማግሌው ክፍል ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ግድግዳ ላይ የተንጠለጠለ ጊታር። ገንዘቡ ጠረጴዛው ላይ እንደታሰረ አለ።

«አልገዙም እንዴ?»

«እ?»

«መስሚያውን» ብላ ጮኸች።

«አዬ ልጄ፣ የትኛው ጆሮ ይሻላል ስል አራት ቀን ሆነኝ። ጠዋት ግራውን እላለሁ፣ ማታ ቀኙ ያሳዝነኛል።»

ግግሜ መቀመጫ ፈለገች። ከዚያ ቀለሙ የለቀቀውን ትራንስፎርመር አሳየቻቸውና የሆነውን ነገረቻቸው።

ሽማግሌው ሳቁ። «እኔው ነኝ የቀባሁት። የሙዚቃ ባንዳችን ዕቃ የሚያስቀምጥበትን መጋዘን ሌባ ለምዶት ነበር። የማይረባ እንዲመስል ብዬ ለቀለቅኩት። እውነትም ሌባው የሁሉንም ወስዶ የእኔን ተወልኝ። ለካ ከሌባ ስሸሽገው ከገዢም ሸሽጌዋለሁ።»

«አልተቀየረም ብለውኝ ነበር እኮ። ደንቆሮዋ እኔ ነኝ። ዋጋው አርባ ሺህ ነው።»

«አርባ? ኧረ በዛ። የስፒከሩ ወረቀት ተቀዶ ወንድሜ ነው የለጠፈው።»

«አይቼዋለሁ። ለእሱ ሁለት ሺህ እቀንሳለሁ። ሠላሳ ስምንት።»

«መያዣውም ተበጥሶ ያለው የእኔ ቀበቶ ነው።»

«ቀበቶዎን ከፈለጉ ይውሰዱት።»

«ደግሞ ሲቆይ ያንሿሿል፤ ጎረቤት ነግሮኛል። ሠላሳ አምስት በይውና እንገላገል።»

ይህን አላወቀችም ነበር። ሰካችው፤ ሽማግሌው ጊታራቸውን አውርደው መምታት ጀመሩ። እየሰሙ ሳይሆን እያስታወሱ ነው የሚመቱት፤ ጣታቸው ግን አንድ ቦታ አልሳተም። ሠላሳ ደቂቃ ያህል እንደሞቀ ሹሹታው መጣ። አጥፍታ አቀዘቀዘችው። ከዳር ያለው አምፖል እግሩ ላይ ላልቷል፤ ነቅላ፣ እግሩን ጠርጋ፣ መልሳ አጥብቃ ሰካችው። ዳግም ሲሞቅ ዝም አለ።

«ሠላሳ ስምንት» አለች።

«ሠላሳ አምስት።»

«ሠላሳ ስምንት ብያለሁ፣ አባባ፣ አልወርድም።»

በሩ ተንኳኳ። ጎረቤት ናት፣ ማማሰያ እንደያዘች። «ምነው፣ ምን ሆናችሁ ነው የምትጣሉት?»

«ይቺ ሴትዮ ዋጋ ካልጨመርኩልዎት ብላ ነው» አሉ ሽማግሌው።

ጎረቤቷ አንዴ እሷን አንዴ እሳቸውን አየች። «እኔም አሮጌ ፍሪጅ ነበረኝ» ብላ ሄደች።

ሽማግሌው ተሸነፉ። ግግሜ የቀረውን ሃያ ስድስት ሺህ ቆጥራ ሰጠቻቸው። «አሁን ተነሡ። መስሚያውን ብቻዎን አይገዙም፤ ይበሉዎታል።»

መስሚያ የሚሸጠው ወጣት ነጭ ጋውን ለብሷል። ሁለቱን ሠላሳ ሺህ አለ። ግግሜ አንዷን መሣሪያ አንሥታ አገላበጠቻት።

«ሆዷን ክፈትልኝ።»

«አይከፈትም፣ እናቴ።»

«የማይከፈት ዕቃ ዋጋው በምን ይታወቃል? ደግሞ ሰኞ አንዷ አሥራ ሁለት ነበረች፤ ሁለት ስትሆን እንዴት ትወደዳለች?»

ወጣቱ አንገቱን አከከ። ሃያ አራት ላይ ተስማሙ፤ እሷ ግን የዓመት ባትሪ ካልተመረቀልን ብላ ባንኮኒውን መደብደቧን አልተወችም። ወጣቱ እየተከራከራት ሁለቱን መሣሪያዎች በሽማግሌው ጆሮዎች ገጠመና አበራቸው።

ሽማግሌው ራሳቸውን ወደ ግራ አዘነበሉ፣ ወደ ቀኝ አዘነበሉ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ከዚያ ወደ ግግሜ ዞሩ።

«ልጄ፣ ድምፅሽ እንዲህ ሻካራ መሆኑን ባውቅ ኖሮ አንዱ ጆሮ ይበቃኝ ነበር።»

«ገና ምን ሰሙና» አለችና ወደ ባትሪው ተመለሰች።